ከሟች ጋር የሚቀበር ዘፈን

እንደሚታወቀው ዕድራችን ሰው ሲሞት በክብር ይሸኛል። ከሟቹ ጋር አብሮ ስለሚቀበረው ዘፈን ግን ተነጋግረን አናውቅም።

የጥንቱ አዝማሪ ግጥም ጽፎ አልነበረም የሚዘፍነው። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይነግረዋል፤ እሱም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወዲያው ያዜመዋል። ታዲያ እንዲህ ያለው ዘፈን የሚይዘው ካጣ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ፣ ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም እንሰማቸዋለን። በዚያው ዘመን በየጠጅ ቤቱ የተዘፈነው ሌላው ሁሉ የት ገባ?

በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ባህላዊ ዘፈንን መድረክ ላይ አወጣ። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምኃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ቀጥሎም ካሴት መጣ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ወጣቱ ግጥምና ዜማ እያወጣ ተጫወተ።

እኛ ጋስ? ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ቤንችኛውም፣ ካፍኛውም፣ አማርኛውም ይዘፈናል። የአዲስ አበባ ሸክላ አሳታሚዎች በብዛት የቀረጹት ግን አማርኛውን ነው። የቀረው በእናቶችና በአባቶች አፍ ላይ ነው ያለው።

በመሆኑም በየኪሳችን ባለው ስልክ፣ አስፈቅደን፣ የሠርጉንም የለቅሶውንም ዜማ እንቅረጽ፤ የባለቤቱን ስም፣ ቋንቋውንና ቀኑንም እንመዝግብ። ድንኳን ከተተከለ በኋላ «እንዴት ነበር የሚሉት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም።