ጥቅምት 30ን የማይቀበል ዓምድ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቡኢ የሶዶ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከእሷ አልፎ ባለው በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ፤ ከ28 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ የተወለደው፣ የሞተው፣ የመጣውና የሄደው ሁሉ ቤት ለቤት እየተጠየቀ ይመዘገብ ጀመር።

ከመጠይቁ ወረቀት እስከ ኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ያለው መንገድ ግን ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ የዳታቤዝ ረድፍ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ ክስተት ጋር፣ እያንዳንዱ ዓምድም ስለ እሱ ከተጠየቀው ነገር ጋር መዛመድ አለበት። ዛሬ ሁለት ሶፍትዌሮችን የሚያገናኝ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በአንዱ ሥርዓት ያለው ዓምድ በሌላው የትኛው መረጃ እንደሆነ ይወስናል። የኮምፒውተር ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያሳትም፣ ዓምዱ የሚቀበለው የእሴት ዓይነት አስቀድሞ እንዲወሰን አድርጎ ነበር። ውሳኔው የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ቡታጅራ ድረስ የሚዘልቅ ነው።

የልደት ቀንን እንይ። በዚያ ዘመን እንደ ዲቤዝ ያሉ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች የነበራቸው የቀን ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። እናት «ጥቅምት 30 ቀን 1979» ብላ የነገረችው ቀን እንዳለ ቢገባ፣ ሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን የለውም ተብሎ ይመለሳል። ጳጉሜ 6 ቀን 1979 የተወለደውም 13ኛ ወር ስለሌለ ቦታ አያገኝም። እነዚህ ደግ ስህተቶች ናቸው፤ ጸሐፊው ወዲያው ያያቸዋል። አደገኛው መስከረም 5 ቀን 1979 ነው። የመጀመሪያው ወር 5ኛ ቀን ተብሎ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ ሕፃኑም በአንድ ቁልፍ ምት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይጨምራል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት ማጥናት ከፕሮግራሙ ዋና ዓላማዎች አንዱ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ከቁጥሩ እንደወጣ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል፣ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ የተነገረውን ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የቁጥር ዓምድ እንዳለ ማቆየት፣ የተሰላውን የፈረንጆች ቀን ደግሞ በአራተኛ ዓምድ ማስቀመጥ። እናት የተናገረችው መጥፋት የለበትም።

ስምም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጡ ፕሮግራሞች «የቤተሰብ ስም» የሚል ዓምድ አላቸው። እዚያ የአያት ስም ሲገባ አባትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ባልና ሚስትም በስም አይገናኙም። ስለዚህ ቤተሰብን በስም መፈለግ አያዋጣም፤ የቤት ቁጥር፣ የእናት ቁጥርና የአባት ቁጥር ያስፈልጋል።

ቡታጅራ ባለችበት በጉራጌ ምድር ከሁሉ የሚከብደው ግን «ነዋሪ» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ሲነግድ ከርሞ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ እህሉ፣ ሚስቱና እንሰቱ እዚያው ያሉ ሰው፣ የት ነው የሚኖረው? በሁለት ሚስቶች ቤት እያፈራረቀ የሚኖረውስ? እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎቹ ቤንዝለር፣ ኸርብስትና ማክላውድ ለእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ያቀረቡት የመረጃ ንድፍ መኖሪያን ከቤተሰብ አባልነት ለየ፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚኖረው በአንድ ቦታ ነው፣ አባልነቱ ግን ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ለአካባቢው ኑሮ ከዚህ የቀረበ ንድፍ ማግኘት ይከብዳል።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር እያንዳንዱ ቤተሰብ በየጤና ኬላው የቤተሰብ ማህደር የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። በ2000 ዓ.ም. የጤና መረጃ ሥርዓቱ ተሻሻለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ 2 ወደተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ተሻገረ። በየሽግግሩ አሮጌው ቅጽ ከአዲሱ ጋር መዛመድ ያስፈልገዋል። የዚያ ማዛመጃ ሰነድ ከመረጃው እኩል ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው፤ ማን ምን ብሎ እንደወሰነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነውና።

የቦታ ስም የዚህ ማስረጃ ነው። ቡታጅራ በንጉሡ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነበረች፤ በኋላ የደቡብ ክልል የጉራጌ ዞን ሆነች። በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ከጉራጌ ዞን ወጣ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡኢና ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሆኑ። መሬቱና ጤና ጣቢያው ካሉበት አልተነቃነቁም። «ክልል» የሚለው ዓምድ ላይ አዲሱን ስም በአሮጌው ላይ የሚጽፍ ሰው የ30 ዓመቱን ታሪክ በአንድ ትእዛዝ ይደመስሳል፤ አሮጌውን ብቻ ይዞ የሚቀረው ደግሞ የዘንድሮውን ሪፖርት ባዶ ያደርጋል። የቡኢ የ2014 እና የ2016 ሪፖርት ጎን ለጎን ሲቀመጥ የአንድ ከተማ ሆኖ የሚነበበው፣ የቦታው ኮድ ሳይነካ የክልሉ ስም ከተለወጠበት ቀን ጋር በሌላ ሠንጠረዥ ከተመዘገበ ነው።