አምስት ጽሑፍ ፍለጋ የወጣው መሐንዲስ

እ.ኤ.አ. በ1988 ሹጂ ናካሙራ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 33 ነው። አገሩ ላይ ዘጠኝ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ማስተርስ አለው፤ ዶክትሬት ግን የለውም፤ በስሙ የታተመ የምርምር ጽሑፍም የለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ያገኛቸው ወጣቶች ዶክተሮች ወይም ለዶክትሬት የሚማሩ ናቸው። ማን እንደሆነ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ እንደ ቴክኒሻን ያዩት ጀመር። ይህን ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል፤ ቁጭቱ የኖቤል ሽልማት ከወሰደ በኋላም አልወጣለትም።

ዓመቱን በአብዛኛው ያሳለፈው ክሪስታል የሚያሳድግ ማሽን ሲገጣጥም፣ ቧንቧ ሲበይድ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ በልቡ የያዘው አንድ ነገር ነበር፦ ዶክትሬት።

ብዙ ዓመት ሠርቶ ሦስተኛ ዲግሪ የሚመኝ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ሥራውን አሳምሮ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን የለውም። ወረቀቱን ለማግኘት ደመወዙን መልቀቅ ሊኖርበት ነው፤ ደመወዙን ከለቀቀ ደግሞ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ናካሙራ ከዚህ ማጥ የወጣበት መንገድ ዛሬ ዛሬ እየጠፋ ያለ መንገድ ነው።

ይሠራበት የነበረው ኒቺያ፣ ሺኮኩ ደሴት ላይ አናን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ የኬሚካል ድርጅት ነው። ዋና ምርቱ ለቴሌቪዥንና ለፍሎረሰንት መብራት የሚሆን አብሪ ዱቄት ነበር። ናካሙራ በ1979 ተቀጥሮ ወደ አሥር ዓመት ገደማ የኤሌክትሮኒክስ ቁሶችን ሲያመርት ቆየ። ገንዘብ ስለሌለ ምድጃውን ራሱ ይሠራል፣ የኳርትዝ ቱቦውን ራሱ ይበይዳል። ቱቦው በተደጋጋሚ ይፈነዳ ነበር። ምርቶቹም ለገበያ በቁ፤ ግን ትላልቆቹ ኩባንያዎች ቀድመው ገበያውን ይዘውት ስለነበር እምብዛም አልተሸጡም። አለቆቹ ጥፋቱን የእሱ አደረጉት።

ተስፋ ቆርጦ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ መሥራች ወደ ኖቡኦ ኦጋዋ ሄደ። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ልሥራ አላቸው። ቀይና አረንጓዴው ቀድሞ ተሠርቷል፤ ሰማያዊው ግን የዓለምን ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ለዓመታት አስቸግሯል፤ ያለ እሱ ደግሞ ነጭ መብራት የለም። ሽማግሌው ፈቀዱ። በርካታ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት በጀትና የአንድ ዓመት የአሜሪካ ቆይታ ሰጡት። የዚያች ትንሽ ድርጅት ባለቤት ለአንድ ሠራተኛ ይህን ያህል ማውጣታቸው ዛሬም ያስገርማል።

በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ ወደ ዶክትሬት የሚያስገቡ ሁለት በሮች ነበሩ። አንዱ የታወቀው ነው፤ ተመዝግቦ፣ ኮርስ ወስዶ፣ አማካሪ ይዞ መማር። ሁለተኛው ‘ሮንቡን ሃካሴ’ ይባላል፤ በጽሑፍ ብቻ የሚገኝ ዶክትሬት ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ቀን ተማሪ ሆኖ ሳይመዘገብ፣ በፋብሪካ ላቦራቶሪ የሠራውን ምርምር በታወቁ ጆርናሎች አሳትሞ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ መልክ አደራጅቶ ለዩኒቨርሲቲ የሚያቀርብ ሰው ተፈትኖ ዶክተር ይባላል። ናካሙራ እንደሚለው አምስት ያህል ጽሑፍ ይበቃ ነበር። የትምህርት ክፍያ የለም፣ ሥራ መልቀቅ የለም። ለዶክትሬቱ የሚከፍለው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ አሠሪው ነው።

ከፍሎሪዳ ሲመለስ የሚሠራበትን ቁስ መምረጥ ነበረበት። ለሰማያዊ ብርሃን ሁለት ዕጩዎች ነበሩ፦ ዚንክ ሴሌናይድና ጋሊየም ናይትራይድ። ዓለም ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ተረባርቧል። ሁለተኛው እንከን የበዛበት ክሪስታል ስለሆነ አብዛኛው ሰው ትቶታል። ናካሙራ የተተወውን መረጠ። ምክንያቱን በኖቤል ንግግሩ ላይ ሳይሸሽግ ተናግሮታል፤ ብዙ ሰው በሌለበት መስክ ጽሑፍ ማሳተም ይቀላል፣ ጽሑፍ ከታተመ ዶክትሬት ይገኛል። በጋሊየም ናይትራይድ ሰማያዊ ኤልኢዲ እሠራለሁ ብሎ አላሰበም ነበር። በ1992 በጃፓን በተካሄደ ጉባኤ የዚንክ ሴሌናይድ አዳራሽ 500 ገደማ ሰው ሲሞላው፣ የጋሊየም ናይትራይዱን ለመስማት የመጣው አሥር እንኳ እንደማይሞላ አስታውሷል።

ሌላም እንቅፋት ነበረበት። ምስጢር እንዳይወጣ ድርጅቱ ሠራተኞቹ ጽሑፍ እንዳያሳትሙ ይከለክላል። እሱ ግን እየደበቀ አሳተመ። በኋላ የመጡት አዲሱ የድርጅቱ ኃላፊ ሥራውን እንዲያቆም አዘዙት፤ ትእዛዙን እንዳላየ አለፈው። (ይህን ለማንም ሠራተኛ መምከር አይቻልም፤ አብዛኛው ሰው እንዲህ አድርጎ የሚያገኘው የስንብት ደብዳቤ ነው።) በ1993 መጨረሻ ኒቺያ ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ ለዓለም አሳወቀ። በቀጣዩ ዓመት የቀድሞ ዩኒቨርሲቲው ቶኩሺማ የምህንድስና ዶክትሬት ሰጠው። 40 ዓመቱ ነበር። በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈለ።

ነገሩ በእሱ አልተጀመረም። አልበርት አንስታይን በ1901 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያስገባውን የመመረቂያ ጽሑፍ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሲያነሳ የከፈለው 230 ፍራንክ ተመልሶለታል፤ ሥራ ላልነበረው ወጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከዚያ በርን በሚገኘው የፈጠራ ባለቤትነት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1905 ሌላ ጽሑፍ ያስገባው ሙሉ ቀን እየሠራ ነው። ዶክተር ከሆነ በኋላ በ1906 ዕድገት አግኝቶ ደመወዙ ወደ 4,500 ፍራንክ ከፍ አለ። እሱንም ሲያጠና ያኖረው የወር ደመወዙ ነው።

ዴንማርክ ይህንኑ ነገር ከአጋጣሚ አውጥታ ሥርዓት ካደረገችው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏታል። ኩባንያው ተመራማሪውን ቀጥሮ ሙሉ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ መንግሥት የደመወዙን ከፊል ይደጉማል፤ ዩኒቨርሲቲው አማካሪ ይመድባል። ሰውዬው ጊዜውን በሁለቱ መካከል እየከፈለ በሦስት ዓመት ይጨርሳል። ደብቆ ማሳተም አያስፈልገውም።

በጃፓን ግን የጽሑፍ ዶክትሬት ቁጥር ከ1990ዎቹ ወዲህ አሽቆልቁሏል። አንዳንዶች ጥራቱን ተጠራጠሩት፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ተመዝጋቢ ተማሪን መረጡ። ዲግሪ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ኮይቺ ታናካን ይጠቅሳሉ፤ የሺማዙ ኩባንያ መሐንዲስ ሆኖ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የ2002ን የኬሚስትሪ ኖቤል አሸንፏል። እውነት ነው፤ ግን እንደ ታናካ ያለ ሰው ስንት አለ?

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም ግንባታ ላይ አሥር ዓመት ሠርቶ ማመልከት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። የጃፓን መንግሥት የምርምር ስኮላርሺፕ ከ35 ዓመት በታች መሆንን ይጠይቃል። የጀርመኑ ዳድ ደግሞ በአብዛኛው የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳያልፍ ይፈልጋል። ናካሙራ ፍሎሪዳ ሲደርስ ማስተርሱን ከያዘ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር፤ በዚህ መስፈርት ቢሆን ፎርሙን ባልሞላ። ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤው ይመጣል። ያስተማሩት መምህራን ጡረታ ወጥተዋል ወይም ስሙን ረስተዋል፤ የሚያውቀው አለቃው ደግሞ እንዲሄድበት አይፈልግም።

ያልተዘጉ በሮችም አሉ። በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ የፒኤችዲ ቦታ በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ወጥቶበት፣ ደመወዝና ጡረታ ያለው ቅጥር ነው፤ እዚያ የሥራ ልምድ ያስመርጣል። የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ የዶክትሬት መርሃ ግብር የዕድሜ ገደብ የለውም፤ የሚጠይቀው ዶክትሬት ያልያዘ መሆንንና፣ ካለፉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ በተቀባዩ አገር አለመኖርን ነው። አሜሪካ ውስጥ የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ ኪሱ ግን ይሳሳል፤ ቤተሰብ ላለው ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

አገር ውስጥ ያለው ልዩነት ሌላ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር በትምህርት ፈቃድ ደመወዙን ይዞ፣ ተመልሶ ለማገልገል ውል ፈርሞ ሊማር ይችላል። የግል ድርጅት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይማራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት ከጀመረ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ የፋብሪካን ችግር የመመረቂያ ጽሑፍ አድርጎ፣ በፋብሪካው ደመወዝ ዶክተር መሆን እስካሁን ያልተለመደ ነው።

አሠሪ ሲከፍል ግን ውጤቱ የማን ይሆናል? ናካሙራ ለፈጠራው ከድርጅቱ ያገኘው ልዩ ክፍያ 20 ሺህ የን ነበር፤ 200 ዶላር እንኳ አይሞላም። በ1999 ድርጅቱን ለቆ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በ2001 ከሰሰ። በጥር 2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን እንዲከፈለው ወሰነ። ድርጅቱ ይግባኝ አለ። በጥር 2005 በ840 ሚሊዮን የን ገደማ ታረቁ፤ ናካሙራ በእርቁ እንዳልተደሰተ በአደባባይ ተናገረ። ያኔ በሳንታ ባርባራ ፕሮፌሰር ነበር፤ የዶክትሬት ተማሪዎችንም እየመረጠ ይቀበላል።