መንግሥቱ ወርቁ

መንግሥቱ ወርቁ (1940 እ.ኤ.አ. – ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። በክለብ ደረጃ ለቅዱስ ጊዮርጊስ በአጥቂነት ተጫውቷል። በአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ውድድሮች 10 ጎል በማስቆጠር ከኢትዮጵያ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሲሆን፣ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ይዞ ወደዚያው ውድድር ተመልሷል።

የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ተሳታፊዎቹ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ስትሆን፣ ካርቱም ላይም ካይሮ ላይም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር። በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ሲረታ መንግሥቱ ሁለት ጎል አገባ።

የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም (የአሁኑ አዲስ አበባ ስታዲየም) ተደረገ። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ ጎል መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም፣ ገና ደስታው ሳይበርድ ባዳዊ በ75ኛው ደቂቃ መልሶ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ በ84ኛው ደቂቃ ለሁለተኛ ጊዜ አቻ ሆና ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ተሸጋገረ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ቡድኑን መሪ አደረገ፤ ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ አራተኛውን አክሎ ውጤቱን 4 ለ 2 ዘጋው። ዋንጫውን የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው። መንግሥቱና ባዳዊ እያንዳንዳቸው በ3 ጎል የውድድሩን ኮከብ ጎል አግቢነት ተጋርተዋል።

አሥሩን ጎል ከዛሬው ቁጥር ጋር ለማነጻጸር ውድድሩ ያኔ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ለመውሰድ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ በቂ ነበር፤ አሁን ግን ሻምፒዮኑ ሰባት ጨዋታ ያደርጋል። ስለዚህ በጨዋታ ብዛት ሲሰላ የመንግሥቱ ድርሻ ቁጥሩ ከሚያሳየው ይበልጣል።

አሠልጣኝነት

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ገባ። ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በ1974 ዓ.ም. (1982 እ.ኤ.አ.) ሊቢያ በተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ተሳተፈ። ምድቡ ከባድ ነበር፤ ባለ ዋንጫዋ ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ ዛምቢያ 1 ለ 0 አሸነፉት። በመጨረሻው ጨዋታ ግን ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል አቻ ተለያየ። አልጄሪያ ቀድማ ማለፏን ብታረጋግጥም ውጤቱ የሚናቅ አይደለም፤ ይኸው የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ ስፔን ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፏል።

የአገሪቱ ቀንደኛ ጎል አግቢ ያሠለጠነው ቡድን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል አለማግባቱ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ ተስኗት መቆየቷ ሲታይ፣ ሊቢያ መድረሱ ራሱ ቀላል ሥራ እንዳልነበር ይገባል።

ኅልፈት

መንግሥቱ ያረፈው በ70 ዓመት ዕድሜው ገደማ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ሲለያይ አዳነ ግርማ ያስቆጠራት ጎል ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ በውድድሩ ያገባችው የመጀመሪያዋ ጎል ሆነች።