ሄዶ ማርጀትና አርጅቶ መሄድ

የሚሲዮናውያንን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ለወጣት ያደላሉ። መጽሐፉ ሲከፈት አንድ ለግላጋ ጎረምሳ መርከብ ይሳፈራል፤ ወባ ይይዘዋል፣ ቋንቋው ያስቸግረዋል፣ የአገሩ ገዢ ይቆጣዋል፣ በመጨረሻም የመጀመሪያው ሰው ይጠመቅለታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት አንድ ምዕራፍ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። ባልና ሚስቱ ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ እዚያው ሰው አገር ስለሠሩት ሥራ የሚተርክልን ጥቂት ነው። ይህ አጻጻፍ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል ባይ ነኝ። ዕድሜ ያገኙ ሥራዎችን ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምር፣ መልክ የያዙት ባልና ሚስቱ ጡረታ በሚታሰብላቸው ጊዜ ሆኖ እናገኛለን። ሁለት ቤተሰቦችን አንሥቼ ላሳይ፤ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው እዚሁ አዲስ አበባ። ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሞፋት ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ነበሩ። የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ልኳቸው በ1817 ኬፕታውን ሲደርሱ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ናቸው። እጮኛቸው ሜሪ ስሚዝ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከትለዋቸው መጡና በ1819 እዚያው ተጋቡ። ኑሯቸውን ያደረጉት በትስዋና ሕዝብ መካከል፣ ኩሩማን በምትባል ምንጭ ባለባት ስፍራ ነው። ለብዙ ዓመታት የሚሰማቸው አልነበረም። ጸሎት ቤቱ ሰው ማየት የጀመረው በ1829 ገደማ ነው። ሞፋት ግን ከስብከቱ ይልቅ የቋንቋው ነገር ይዟቸው ነበር። በ1831 የማተሚያ መኪና በበሬ ጋሪ አስጭነው ኩሩማን አስገቡና መጽሐፍ ቅዱስን ክፍል በክፍል እየተረጎሙ ማተሙን ቀጠሉ። ብሉይ ኪዳን አልቆ ሥራው የተሟላው በ1857 ነው። ተርጓሚው ስልሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ሥራቸው በዚህ አላበቃም። በ1859 ወደ ንዴቤሌው ንጉሥ ወደ ምዚሊካዚ ዘንድ ዘልቀው፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ኢንያቲ በተባለ ቦታ ሚሲዮን እንዲተከል ፈቃድ አስገኙ። ንጉሡ የውጭ ሰው በቀላሉ የሚያምን አልነበረም። ሞፋትን ግን ከ1829 ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ በየጊዜው እየሄዱ ጎብኝተውታል፣ አብረውት ቆይተዋል። ይህን ፈቃድ ከአውሮፓ አዲስ የመጣ ወጣት ሰባኪ፣ የፈለገውን ያህል ብርቱና የተማረ ቢሆን፣ ሊያገኘው አይችልም ነበር። የሠላሳ ዓመት ትውውቅ ያስገኘው ነው።

ሜሪስ? በማኅበሩ ዓይን የሚሲዮናዊ ሚስት እንጂ ሚሲዮናዊ አልነበሩም፤ በዚያ ዘመን ወጉ ይኸው ነው። ባልየው ለወራት መንገድ ሲሄዱ ግን ጣቢያውን የሚያስተዳድሩት፣ ታማሚ የሚያስታምሙት፣ እንግዳ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ከእንግዶቹ አንዱ ዴቪድ ሊቪንግስተን ነበር፤ አንበሳ ነክሶት ቁስሉን ሊያስታምም ኩሩማን በተቀመጠ ጊዜ ትልቋን ልጃቸውን አጭቶ በ1845 አገባት። ልጅቱ በ1862 ከባሏ ጋር ዛምቤዚ ወንዝ ዳር ሹፓንጋ ላይ ሳለች ሞተች። ሞፋትና ሜሪ ከዚያም በኋላ ስምንት ዓመት ኩሩማን ተቀምጠዋል። በ1870 ለቀው ሲወጡ ሁለቱም ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ሜሪ እንግሊዝ ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ፣ በጥር 1871 ዐረፉ። ግማሽ ምዕት ዓመት በሰው አገር ለኖረ፣ በመካከሉም አንድ ጊዜ ብቻ አገሩን ለተመለከተ ሰው፣ ባዕዱ አገር የትኛው እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ኢትዮጵያ ሚሲዮናዊ እንደ ልቡ ገብቶ የሚሰብክባት አገር አልነበረችም። በ1944 የወጣው ደንብ አገሩን ለሁለት ከፈለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጸናችባቸው አውራጃዎች ሚሲዮናዊ ሃይማኖት ማስተማር አይፈቀድለትም፤ ትምህርትና ሕክምና ግን ይችላል። በዚህም ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ በነርስነት፣ በመምህርነት፣ በሐኪምነት የሚታወቁ ናቸው። ደንቡ የወጣው ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመጠበቅ ነው፤ ሳይታሰብ ግን እጅ ያለው ሰው ምላስ ካለው ሰው ይልቅ እንዲመጣ አደረገ። አገሪቱ ከዚህ የተጠቀመች ይመስለኛል።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በዚህ መንገድ ከመጡት ናቸው። በወረቀት ሚሲዮናውያን አልነበሩም፤ ማንም ማኅበር አልላካቸውም። ሁለቱም ጽኑ የአንግሊካን አማኞች ሲሆኑ፣ የተዋወቁት ሲድኒ በክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ነው፤ ሬጂናልድ፣ የኒውዚላንድ ተወላጁ፣ በኃላፊነት ሲመሩ ካትሪን ወጣት ሐኪም ነበሩ። በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አዩ፤ በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማሕፀን ሐኪም ይፈለጋል ይላል። ውሉ የሦስት ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1951 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ሬጂናልድ ሃምሳ አንድ፣ ካትሪን ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነበር። በሃምሳ አንድ ዓመት አገርና ሥራ ለቅቆ አዲስ ኑሮ መጀመር ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜ የሚያሰላው የጡረታውን ቀን ነው።

በተማሩበት ዓለም ፊስቱላ ከመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ በሽታ ሆኖ ነበር። እዚህ ግን በራቸው ላይ መጥቶ ቆመ። ምጥ ለቀናት ይጠናል፤ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፤ ሲጫናት የቆየው የእናቲቱ አካል ይሞትና ይሸነቆራል፤ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ባሏ ይፈታታል፤ ከሰው ተነጥላ ጎጆ ትቀመጣለች። እንደ ምንም ብላ ወደ ከተማ ለመምጣት አውቶቡስ ብትሳፈር፣ ሽታው አስቸገረን ብለው ተሳፋሪዎች ያስወርዷታል። ሆስፒታል ከደረሰች በኋላም ሌሎቹ በሽተኞች አጠገባችን አትተኛ ይላሉ። ሐምሊኖች መጽሐፍ አገላብጠው፣ ሥዕል አይተው፣ በዚህ ሙያ ስም ካላቸው የግብፁ ሐኪም ከናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ ምክር ጠይቀው ቀዶ ጥገናውን ተማሩ። ታካሚዎቹም የሚያርፉበት ለብቻ የሆነ ማደሪያ በሆስፒታሉ ግቢ አሠሩላቸው። የመጡበት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ግን አሥር ያህል አዋላጆች ካስተማረ በኋላ ተዘጋ።

የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የተመሠረተው በ1974 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት፣ የውጭ አገር ሰው ሻንጣውን ማዘጋጀት የጀመረበት ዓመት ነው። ሬጂናልድ ስልሳ ስድስት፣ ካትሪን ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። በ1977 የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ፤ ብዙ ሚሲዮናውያንም አገር ለቀው ወጡ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ቀዶ ጥገናቸውን ቀጠሉ። ደርግ ያልነካቸው ስለምን ነው ቢባል፣ ማንም ሊወስደው የማይፈልግ ሥራ ስለያዙ ይመስለኛል፤ የሚያክሟትን ሴት ማንም አይሻማቸውም።

የሆስፒታሉን ጠባይ ለማወቅ ከሕንፃው ይልቅ ትንንሽ ነገሮቹን ማየት ይበቃል። በተኙት ሴቶች ትከሻ ላይ ቀለሙ የተዥጎረጎረ የሱፍ ሹራብ ብርድ ልብስ ይታያል፤ ከልዩ ልዩ አገር በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በእጃቸው ሠርተው የሚልኩት ነው። ድና የምትሄድ ሴት አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣታል። አዲሱ ቀሚስ ከሕክምናው የማይተናነስ ሥራ ይሠራል፤ ከመንደሯ እየሸሸች የወጣች ሴት ሰው ፊት ለብሳ የምትገባበት ነውና። ሙሉ በሙሉ ያልዳኑት ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ ተሠርቶላቸዋል።

ስለ ሐምሊኖች የሚጻፈው ነገር አንድ የሚያስከፋኝ ጎን አለው፤ ከውጭ የመጡትን አጉልቶ በዙሪያቸው ያሉትን ያደበዝዛል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በፊስቱላ ተይዘው መጡ። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ሕክምናው ላይ ሳሉ አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎችን መርዳት ጀመሩ፤ ቀስ በቀስ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል ያዙ። ሬጂናልድ እያሳዩ አስተማሯቸው። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሐምሊኖችና ለማሚቱ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። ከየአገሩ የመጡ የተመረቁ ሐኪሞች ማንበብ ካልተማሩ ሴት እጅ የፊስቱላ ጥገና ተምረዋል። አንዲትን የገበሬ ልጅ ለዚህ ለማብቃት ዓመታት ይጠይቃል፤ ሦስት ዓመት ሠርቶ የሚሄድ ሐኪም አይችለውም። በፍጥነት ሰው ማከም ይቻል ይሆናል፤ ሰው ማስተማር ግን በጥድፊያ አይሆንም።

ሬጂናልድ በ1993 በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐርፈው አዲስ አበባ ተቀበሩ። ካትሪን በዚያን ጊዜ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ አላቸው፣ ሲድኒም ዘመድ ወዳጅ አላቸው፤ ቢሄዱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ቀሩ። የሚገርመው ደግሞ የሥራው ስፋት የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው። በ2004፣ ሰማንያ ዓመት በሞላቸው ወር፣ አሜሪካ ሄደው በኦፕራ ዊንፍሪ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ስለ ታካሚዎቻቸው ተናገሩ፤ እርዳታው ጎረፈ። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። በ2007 ደግሞ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሦስት ዓመት ውል የመጡበትን ሥራ እሳቸው በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው እንደገና አነሡት ማለት ነው። በ2012 የክብር ዜግነት ተሰጣቸው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቤታቸው ዐረፉ። እስከዚያ ድረስ በሆስፒታሎቹ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ናቸው።

በዛሬው ዘመን አርጅቶ መሄድ ራሱን የቻለ መንገድ ሆኗል። ልጆቻቸውን ድረው፣ ቤታቸውን ዘግተው የሚሄዱ ጡረተኛ ባልና ሚስት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በደንብ አደራጅተው የያዙት ሞርሞኖች ናቸው። ወጣቶቻቸው፣ ወንዶቹም ሴቶቹም ከ18 ዓመት ጀምረው ሲሄዱ፣ አዛውንት ጥንዶች ደግሞ ከ6 እስከ 23 ወር ለሚደርስ ጊዜ ወደ ተመደቡበት አገር ይሄዳሉ። ወጪያቸውን የሚችሉት ራሳቸው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2011 የቤት ኪራያቸው በወር ከ1,400 ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀችላቸው። ከወጣቶቹ በተለየ ደጃፍ ለደጃፍ ሲሰብኩ አይውሉም። ቢሮ ይይዛሉ፣ የእርዳታ ሥራ ይከታተላሉ፣ ቤተሰቡን ናፍቆ የሚያለቅሰውን ወጣት ያጽናናሉ።

ይህን ማቃለል አልፈልግም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የገባበት ነገር ይከበራል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ቢናገረው የማይሰማ ምክር ከሰባ ዓመት ሰው አፍ ሲወጣ ይሰማል። ባልና ሚስት ተደጋግፈው ሲመጡ ደግሞ ሴቶቹም ወንዶቹም የሚቀርቡት ሰው ያገኛሉ። ችግሩ የጊዜው ማጠር ነው። በአሥራ ስምንት ወር ቋንቋ አይለመድም፤ ከሰላምታ አያልፍም። የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ መገኘት አለበት፤ ከታመሙ የሚሮጠው አስተናጋጁ ነው። እንግዶቹን አስተርጉሞ፣ አጅቦ፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ወስዶ የሚመልሰው የአገሩ ሰው የራሱን ሥራ አስቀምጦ ነው። ሊለምዱ ሲሉም መሄጃቸው ይደርስና ሌሎች ጥንዶች መጥተው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሞፋትም ሐምሊኖችም እንዲህ አልሠሩም። የረዳቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን በዚያው ስፍራ ማርጀታቸው ነው። ስለዚህ አዛውንት ጥንዶችን የሚልክ ማኅበር የቆይታቸውን ልክ ቢያስረዝም፣ ካልሆነም እነዚያኑ ሰዎች ወደዚያው ቦታ ደጋግሞ ቢልክ፣ ከአዳዲስ ሰዎች መለዋወጥ የበለጠ ያተርፋል።

ከዚህ ሁሉ በተረፈ አንድ ቃል ለአንባቢ አለኝ፤ ይልቁንም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከአገር ወጥታችሁ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም፣ በቴል አቪቭ በነርስነት፣ በአዋላጅነት፣ በመምህርነት ስትሠሩ ጡረታ ለደረሳችሁ። ሬጂናልድ ሐምሊን በሃምሳ አንድ ዓመታቸው መማር የጀመሩት ቋንቋ እናንተ አፋችሁን የፈታችሁበት ነው። ጎንደርና ጅማ የት እንደሆኑ ካርታ አያሻችሁም። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተማከሩና፣ ለአንድ ወር ጉብኝት ሳይሆን ለዓመታት፣ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ ትምህርት ቤት መርጣችሁ ኑ።