ስፖርተኛ ልጅ «በቃኝ» ሲል

ኢትዮጵያ የተወለደው ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና ለእስራኤል በማራቶን የብር ሜዳሊያ አምጥቷል። እንዲህ ያለ ድል ሲታይ በቂርያት ጋትም ብዙ ልጅ ለመሮጥና ለመጫወት ይነሳሳል። ከዓመታት ልምምድ በኋላ ግን አንዳንዱ «በቃኝ» ይላል። ቤተሰብ ስንፍና ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ዝለት ነው።

ምልክቶቹ

ተራ ድካም ጥቂት ቀን በማረፍ ይለቃል፤ ዝለት ግን ይቆያል። ባለሙያዎች ሦስት ምልክት ይጠቅሳሉ፦ ሰውነትና መንፈስ አብረው መዛል፣ «ምንም አልተሻሻልኩም» ማለት፣ ይወዱት የነበረውን ስፖርት መጥላት።

ከአእምሮ የሚመጡ ምክንያቶች

ልጁ ስህተትን አጥብቆ ሲፈራ፣ የአሰልጣኝና የወላጅ ጫና ሲበዛበት፣ ከስፖርት ውጭ ሌላ ዋጋ እንደሌለው ሲሰማው ይዝላል። የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ በእሱ ላይ ከተጣለ ሸክሙ ይከብዳል።

ከአኗኗር የሚመጡ ምክንያቶች

ያለ ዕረፍት መለማመድ፣ ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰን፣ ሕመምን ችሎ መጫወት፣ በቂ ምግብ አለመብላት፣ ሌሊቱን በስልክ ማሳለፍ ናቸው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት።

ማረፍ መሸነፍ አይደለም

ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። በ1998 ልጅ ወልዳ ከውድድር ከራቀች በኋላ ተመልሳ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት ወርቁን ደገመች። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች።

አያቶችና ወላጆች ምን ያድርጉ?

• ልጁ ከውድድር ሲመለስ «አሸነፍክ ወይ?» ከማለት በፊት «እንዴት ነበር? ደስ አለህ?» ብለው ይጠይቁት።
• በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከልምምድ ይረፍ።
• ከሌላ ልጅ ጋር አያወዳድሩት።
• ድካሙ ካልለቀቀው ቁፓት ሆሊም ይውሰዱት። የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጣ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።
• ከሰው ከራቀ፣ ምግብ ካስጠላው ወይም ስለ ሞት ካወራ ጊዜ ሳይሰጡ ለሐኪም ይንገሩ። የመንፈስ እርዳታ በሚሰጠው በኤራን ስልክ 1201 መደወልም ይቻላል።

ልጁ ስፖርቱን ለማቆም ከወሰነም አይቆጡት። ቤተሰቡ የሚወደው ስለሚያሸንፍ ብቻ እንዳልሆነ መስማት ያለበት ያኔ ነው።