በቀብድ የተያዘ ሥዕል

መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ሳይቀር የእጅ ሥራ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ከተመረገ በኋላ፣ ሳይደርቅ ጠመዝማዛ መስመርና እርከን እርከን ያለ ጌጥ ወጥቶበታል። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ግቢውን ለዓመታት ሲለፉበት ቆይተው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፈቱት። ኤልያስ ከመርካቶ የሚያገኘውን የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ፣ እንጨት ላይ እየቸነከረ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይሠራል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሽቦ ልባስ ነው፤ ራቅ ብለው ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል።

እነዚህ ሥራዎች ኒው ዮርክ ባለ ጋለሪ በኩል ለውጭ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። መካኒሳ ውስጥ የሚኖር አስተማሪ ወይም ነርስ ግን የኤልያስን ቀርቶ የአንድ ጀማሪ ሠዓሊ ሸራ እንኳ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ቆጥሮ መውሰድ ይከብደዋል። ብዙዎች የአገራችን ሰው ሥዕል አይወድም ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰዉ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ሸራ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሞ ዋጋውን ጠይቆ ሲመለስ ይታያል። ችግሩ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው፤ ይህም ከጥንት የመጣ ነገር ነው።

በቀድሞው ዘመን ሥዕል የሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ነገሥታትና መኳንንት ነበሩ። ሠዓሊው ቀለብና ልብስ እየተሰጠው ይሠራል፤ አሠሪው ደግሞ ከሥዕሉ ግርጌ ቦታ ያገኛል። ጣና ሐይቅ ላይ በደቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉን ማን እንዳሠራው ለማወቅ ደረሰኝ መፈለግ አያሻም፤ አሠሪዋ እዚያው ናቸው።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሌላ ገዢ መጣ። ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴውና ተጓዡ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍል የሚያሳየውን የጨርቅ ሥዕል መግዛት ጀመሩ፤ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎችም ለዚህ ገበያ ሠሩ። የውጭው ሰው ዋጋውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ፣ ሸራውን ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም ከአውሮፓ ተመልሰው ካስተማሩ በኋላ እንኳ ይህ ልማድ አልተለወጠም። የእስክንድርን ሥራ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲገዛ፣ እዚህ በደሞዙ የሚገዛው ሰው መንገድ አልተበጀለትም ነበር። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ ብዙ ዋና ሥራዎቹን ከእጁ ሳያወጣ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በሠራው ቪላ አልፋ አኖራቸው።

ደሞዝተኛ ሥዕል ሰብሳቢ መሆን እንደሚችል ለሚጠራጠር የሄርበርትና የዶሮቲ ቮግል ታሪክ አለ። እሱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሌሊት ደብዳቤ የሚለይ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ እሷ የብሩክሊን ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። በእሷ ደሞዝ ኖሩ፤ በእሱ ደሞዝ ሥዕል ገዙ። በአንድ ጊዜ መክፈል ሲያቅታቸው ከሠዓሊዎቹ ጋር ተነጋግረው ጥቂት በጥቂት ይከፍሉ ነበር። በአንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ከ4,000 በላይ ሥራዎች ሰበሰቡ፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ስብስባቸውን ለዋሽንግተኑ ብሔራዊ ጋለሪ አስተላለፉ። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ ምክንያቱም ሠዓሊዎቹ ገና ስም ሳያወጡ ያመኗቸው እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ ደግሞ እንዲህ ያለውን መተማመን በሥርዓት አስገባችው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪነ ጥበብ ምክር ቤቷ ድጋፍ ገዢው ያለ ወለድ ተበድሮ ሥዕሉን ይወስዳል፤ ዕዳውን በ10 ወር ይከፍላል።

ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ያለ ጥሩ ውል ምን ጣጣ እንደሚያመጣም የእኛው ልጅ ሥራ ያሳየናል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ ገና ዝናዋ ሳይሰፋ፣ አንድ ሰብሳቢ ለሚወክላት የኒው ዮርክ ጋለሪ 75,000 ዶላር በቅድሚያ ሰጠ። በምትኩ ከጋለሪው ሠዓሊዎች ሥራ ቀድሞ የመምረጥ መብትና ቅናሽ ቃል ተገባለት። የጁሊ ሥዕሎች ግን ለሌሎች ተሸጡ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ሰብሳቢው 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ተፈረደለት። ሰውየው የተናደደበት ምክንያት ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሥዕሏ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል።

እኛ ለዚህ ሁሉ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ቁልጭ ያለ ድንጋጌ አለው፦ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሠዓሊና ገዢ ከዚህ ተነስተው ሁለት ገጽ ውል መጻፍ ይችላሉ። በውሉ ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ሥዕሉ ማን ዘንድ እንደሚቆይ፣ ውሃ ቢነካው ወይም ቢቀደድ ማን እንደሚከፍል ይቀመጥ። በጓደኝነት «ቀስ እያልክ ትከፍለኛለህ» ተብሎ በቃል ብቻ የሚሰጥ ሥዕል ግን ብዙ ጊዜ ወዳጅነቱንም ሥዕሉንም ያበላሻል። ክፍያው ሲዘገይ ሠዓሊው ለቀለምና ለቤት ኪራይ የሚሆነውን ነው የሚያጣው፤ ደውሎ ለመጠየቅም ያፍራል።

ዕቁብ ይህን የሠዓሊውን ሥጋት ያቃልላል። 20 የሥራ ባልደረቦች በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጡና ዕጣ ይጥሉ እንበል። ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይረከብና ወደ ጋለሪ ይሄዳል። ሠዓሊው ሙሉ ዋጋውን በዚያው ቀን ያገኛል፤ ገዢው ሥዕሉን ሳሎኑ ሰቅሎ እየኖረ የቀረውን መዋጮ ለዕቁብተኞቹ ይከፍላል። ሰው በዕቁብ ፍሪጅ፣ ሶፋና የወርቅ ሐብል ሲገዛ ኖሯል። ጋለሪዎች አዲስ ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ የጥሪ ካርዱን ለኤምባሲዎችና ለሆቴሎች ብቻ ከሚልኩ በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት የዕቁብ ዳኞችም ይላኩላቸው።