ከምድጃ ዳር እስከ ዜሮ ክፍል፦ የሕፃናት ውሎ ታሪክና የማኅበራችን ድርሻ

እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ የሚጻፈው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን እንደ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአባላት መዝገብ ላይ ስማቸው ስለማይገኝ፣ ነገር ግን የቤታችንን ሥራ ስለሚወስኑ ወገኖች መጻፍ ፈልጌአለሁ። እነዚህም ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻችን ናቸው። እናት ለአረም ወይም ለሥልጠና ስትወጣ ሕፃኑ የት ይውላል? ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ ያለው ሲሆን ማኅበራትንም በቀጥታ ይመለከታል።

የመጀመሪያው የሕፃናት መዋያ ቤት ነው። በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ ዙሪያ ባለው ገጠር ልጅ የሚያድገው በአያቱ እጅ፣ ምድጃ ዳር ነው። ማታ ማታ ተረት ይሰማል፤ በአማርኛ እንቆቅልሽ፣ በአፋን ኦሮሞ ሂቦ የሚባለውን የጥያቄና መልስ ጨዋታ ይማራል። ቀን ደግሞ ስጥ ይጠብቃል፣ ጥጃ ያግዳል፣ ከጭቃ በሬ ሠርቶ ይጠምዳል። ቅልብልቦሽና ገበጣ ሲጫወት ቁጥር ይለምዳል። አዲስ ዓመት ሲገባ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ይዞራሉ፤ በኢሬቻ ሰሞን እርጥብ ሣር ይዘው ከታላላቆቻቸው ጋር ይወርዳሉ። ስም አልተሰጠውም እንጂ ይህ ሁሉ ትምህርት ነበር። አባቶችም «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ይህን አይተው ነው።

ይህ የቤት ትምህርት ወደ መጽሐፍ የገባው አስቴር ጋኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ በተባሉ የኦሮሞ ልጆች ሥራ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተዳርገው ነፃ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 በምፅዋ አቅራቢያ በሚገኘው ሞንኩሎ የታተመው የአፋን ኦሮሞ የማንበቢያ መጽሐፋቸው ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን የያዘ ነበር። አስቴር አብዛኛውን የሰበሰበችው በቃል ከምታውቀው ነው። አያቶች ምድጃ ዳር የሚያወሩት ነገር ልጅን ፊደል ለማስቆጠር እንደሚበቃ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ከቤት ቀጥሎ የሚገኘው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ሕፃናት በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀምጠው በስንደዶ ፊደል እየጠቆሙ ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ ከዚያም ንባብና ዳዊትን ይማሩ ነበር። የሙስሊም ቤተሰቦች ልጆችም በቁርዓን ትምህርት ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ሁለቱም ወጪያቸው አነስተኛ፣ አስተማሪያቸውም የመንደሩ ሰው ስለነበረ ለረጅም ዘመን ጸንተው ቆይተዋል።

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ከውጭ የመጣ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1840 ለተቋሙ የሰጠው ስም «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» ማለት ነው። ለእኛ ለግብርና ሰዎች ይህ ስም ባዕድ አይደለም፤ ችግኝ ወደ ማሳ ከመዛወሩ በፊት በመደብ ላይ ተንከባክበን እናሳድገዋለንና። በአገራችን የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ በድሬዳዋ፣ ለምድር ባቡር ፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች እንደሆነ ይነገራል። ከዚያም በኋላ አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ከትልልቅ ከተሞች አልወጣም። የእኛ አምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት አግኝታለች፤ ይህም ተቋም ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ለገበሬው ሕፃን ልጅ የሚሆን መዋያ ግን ያኔ አልታሰበም።

ነገሩ ወደ ገጠር የወረደው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበራት፣ በተለይም የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲቋቋሙ እናቶች በጋራ ማሳ ላይ እንዲሠሩ ስለተፈለገ በየቦታው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ። በ1970ዎቹም የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቋመ። በጦርነት ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት አላጌ ላይ የተሠራው ሕፃናት አምባ የዚያው ዘመን ሥራ ነው፤ ግቢው በኋላ የልማት ሠራተኞች ማሠልጠኛ የግብርና ኮሌጅ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የገበሬው መዋዕለ ሕፃናት መሠረቱ ደካማ ነበር። የአምራቾች ማኅበር በፈቃድ ሳይሆን በግፊት የተመሠረተ በመሆኑ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አባላት በሬና መሬታቸውን ተካፍለው ተበተኑ። ከማኅበሩም ጋር ብዙ የሕፃናት መዋያ ተዘጋ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የፈረሰው የእናቶች ችግር ስለተቃለለ አለመሆኑ ነው። ችግሩ እንዳለ ሆኖ አገልግሎቱን የተሸከመው ድርጅት ወደቀ እንጂ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ለሕፃናት ሁለንተናዊ ዕድገት እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ሥራው ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለመንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች የተተወ ስለነበር ክፍያ በሚችለው ከተሜ ዙሪያ ተወሰነ። የአርሶ አደሩ ልጅ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ የሌላ ወገን ጆሮውን እስኪነካ ድረስ ቤት ቆይቶ፣ እርሳስ ይዞ ሳያውቅ አንደኛ ክፍል ይገባ ነበር።

ለውጥ የታየው በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት የ«ልጅ ለልጅ» መርሐ ግብርም ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. 5 በመቶ ገደማ የነበረው የአገሪቱ የቅድመ መደበኛ ተሳትፎ በ2007 ዓ.ም. 39 በመቶ ገደማ ደርሷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኦሮሚያ «ቡኡራ ቦሩ» ማለትም «የነገ መሠረት» የተባሉ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ተሳትፎ ተሠርተዋል።

በእነዚህ ክፍሎች ያለው ውሎ ከላይ የጠቀስነውን የቤት ትምህርት ያስታውሳል። ሕፃናቱ ጠዋት ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ በጠጠርና በቆርኪ ይቆጥራሉ፤ በጭቃ ከብትና ጎጆ ይሠራሉ፤ ከቤት የያዙትን ቆሎ ወይም ዳቦ ተካፍለው ይበላሉ። ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በመሆኑ ተረቱና ሂቦው ከቤት ተከትሏቸው ይመጣል። በበዓል ሰሞን የባህል ልብስ ለብሰው ይጫወታሉ። በአንፃሩ የመጫወቻ ቁሳቁስ፣ የሠለጠነ መምህርና ለትንንሽ ልጆች የሚሆን መቀመጫ እጥረት በብዙ ቦታ ይታያል።

ለእኛ ለግብርና ሰዎች ግን ከሁሉ የሚከብደው የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ነው። የጤፍ አረም የሚበዛው በነሐሴና በመስከረም ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ክረምቱን ዝግ ነው። ስለዚህ እናት እጅግ በምትፈለግበት ወቅት ሕፃኑ መዋያ የለውም። ወይ ታዝሎ ማሳ ላይ ዝናብ ይመታዋል፣ ወይ በእሳትና በውኃ አጠገብ ብቻውን ይቀራል። በመኸር አጨዳ ጊዜ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆንም የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ረጅም መንገድ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ታላቅ እህቱ ከክፍል ቀርታ ትጠብቀዋለች። ሥልጠና ስንጠራም ባል ይመጣል፣ ሚስት ትቀራለች፤ ማሳውን የምታርመው ግን እርሷ ናት። በመስመር የመዝራትና የአረም ቁጥጥር ትምህርታችን በግማሽ የሚደርሰው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው።

ታዲያ ይህ የመንግሥት ብቻ ሥራ ነው ወይ? የኅብረት ሥራ ታሪክ እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ የተመሠረተው የሮችዴል ማኅበር ከትርፉ 2.5 በመቶ ለትምህርት ይመድብ ነበር። በጣሊያን ሬጆ ኤሚሊያ አካባቢ ቪላ ቼላ የሚባል መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ እንዳበቃ ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ መኪኖችና ፈረሶች ሸጠው የሕፃናት ትምህርት ቤት ሠርተዋል፤ የዚያ አካባቢ አሠራር ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው 7 መርሆዎች ውስጥ የመጨረሻው ማኅበራት ለአካባቢያቸው ኅብረተሰብ ማሰብ እንዳለባቸው የሚገልጽ ነው።

ከዚህ በመነሳት ለጠቅላላ ጉባኤያችን የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በክረምት ባዶ የሚሆኑ የመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘኖች ከኬሚካልና ከማዳበሪያ የጸዱና ተለይተው የታጠሩ ከሆኑ ብቻ፣ አለበለዚያም ሌላ ንጹሕ ቤት ተፈልጎ፣ የአረም ወቅት የሕፃናት መዋያ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ተረት የሚያውቁ እናቶችና አያቶች መጠነኛ ክፍያ ተሰጥቷቸው ሕፃናቱን ይጠብቁ። ሦስተኛ፣ ለቁርስ የሚሆን ባቄላ፣ አተርና ስንዴ አባላት በቁና ያዋጡ። አራተኛ፣ የሴቶች ሥልጠና መዋያው ባለበት ቦታና ቀን ይሰጥ። ሥራው በ1 ወይም በ2 ቀበሌ ተሞክሮ ውጤቱ ለጉባኤው ይቅረብ።

የቀድሞው መዋያ የፈረሰው ሕዝቡ የራሴ ነው ስላላለው ነው። የእኛ ማኅበራት ግን በፈቃዳችን፣ በዕጣችንና በድምፃችን የቆሙ ናቸው። ስለዚህ የምንወስነውን መዋያ የሚያፈርሰው የለም፣ እኛው ካልተውነው በስተቀር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለማዳበሪያ ግዥ ብቻ አይደለም።